«ደሜን ሊያደርቀው ነው?»

ጥያቄ፦ ሰላም ሲስተር። እናቴ 61 ዓመቷ ነው። ደረጃ 3 የኦቫሪ (የእንቁላል ማመንጫ) ካንሰር ተገኝቶባት እዚህ ሜሪላንድ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፤ ኬሞም ጀምራለች። ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ አቫስቲን የሚባል መድኃኒት ይጨመርላታል ተባልን። «ዕጢው አዲስ የደም ሥር እንዳያበቅል ያደርጋል» ብዬ ሳስተረጉምላት «ደሜን ሊያደርቀው ነው?» ብላ እምቢ አለች። ምን ልበላት?
ልጇ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ እህቴ፣ እማማን ሰላም በይልኝ። ደማቸው አይደርቅም። ካንሰሩ ለማደግ ምግብና ኦክስጅን ስለሚፈልግ፣ ቪኢጂኤፍ የሚባል ፕሮቲን እያመነጨ አዳዲስ የደም ሥሮችን ወደ ራሱ ይስባል። አቫስቲን ያንን ፕሮቲን ይዞ ሥራ ያስፈታዋል። ሐሳቡን የቦስተኑ ቀዶ ሐኪም ጁዳ ፎክማን በ1971 እ.ኤ.አ. ሲያቀርቡ ብዙ ሰው አልተቀበላቸውም ነበር።

ከመጀመሪያው ዙር ያልተሰጣቸው በቁስሉ ምክንያት ነው። ቁስልም ለመዳን አዲስ የደም ሥር ይፈልጋል፤ ስለዚህ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ቢያንስ 28 ቀን ይጠበቃል። ጥርስ ማስነቀል ካሰቡም ሐኪሙ አስቀድሞ ይወቅ።

ጥቅሙስ? በ2011 በወጣ ትልቅ ጥናት፣ ኬሞ ብቻ በወሰዱት ላይ በሽታው ሳይባባስ የቆየው በአማካኝ 10.3 ወር ነበር። አቫስቲን ተጨምሮላቸው፣ ከኬሞው በኋላም በቀጠሉት ላይ 14.1 ወር ሆነ። በጠቅላላው ሲታይ ግን ዕድሜ አላራዘመም። ይህን ለእማማ ልንገራቸው ወይ ካልሽኝ፣ እኔ ብሆን እነግራቸዋለሁ። በምሠራበት የኬሞ ክፍል ልጆች ሲያስተረጉሙ ግማሹን ሲውጡት አያለሁ። ፍቅር ነው፣ ይገባኛል። ግን ሆስፒታሉን አስተርጓሚ ጠይቂ፤ በነጻ ነው።

ከጀመሩ የደም ግፊት መለኪያ ግዢና ጠዋት ጠዋት ለኪያቸው፤ ውጤቱንም ጻፊው። መድኃኒቱ ግፊት ይጨምራል። ሽሮው ላይ ጨው ቀነስ ይበል፣ ቢቆጡሽም። ሽንታቸው ለፕሮቲን ይመረመራል። ትንሽ ነስር የተለመደ ነው፤ ካልቆመ ግን ደውሊ። ከሁሉ የምፈራው ድንገተኛ ኃይለኛ የሆድ ቁርጠት ነው። አልፎ አልፎ አንጀት ሊበሳ ይችላል። «ዝንጅብል ሻይ ያሽለኛል» ቢሉሽ እንዳትሰሚያቸው፤ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል!

ኬሞው ሲያልቅ አቫስቲኑ ብቻውን በየ3 ሳምንቱ ይቀጥላል፤ በአጠቃላይ እስከ 22 ዙር። ይህን ሁሉ ሰምተው እምቢ ካሉ መብታቸው ነው። ኬሞው ያለ እሱም ይቀጥላል።