«ጣፊያህ አብጧል» ተባልኩ፤ ምን ልብላ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እንደምን አሉ? የ41 ዓመት ሰው ነኝ። ተወልጄ ያደግኩት ጣና ዳር ነው፤ ልጅ ሆኜ ውሎዬ ሐይቁ ውስጥ ነበር። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግራ ጎኔን ይከብደኛል። ትንሽ በልቼ እጠግባለሁ። አልትራሳውንድ ተነሣሁና «ጉበትህ ሻክሯል፣ ጣፊያህ አብጧል፣ ቆሽትህ ደህና ነው» ተባልኩ። ሰው ሁሉ ሥጋ ተው፣ እንቁላል ተው፣ ቀይ ሥርና ሎሚ ጠጣ ይለኛል። የወፍ በሽታ መድኃኒት የሚሰጡ ሰውም ጠቁመውኛል። ምን ልብላ? ሕክምናስ አለው?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። ያበጠ ጣፊያን የሚያጎድል ምግብ የለም። ቀይ ሥር ጥሩ ምግብ ነው፤ ቢበሉት አይጎዳዎትም፤ ጣፊያዎን ግን ወደ ቦታው አይመልሰውም። እብጠቱን ያመጣው በሽታ ገና አልታወቀም። መጀመሪያ እሱ ይፈለግ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአንጀትና ከጣፊያ የሚመለሰው ደም በአንድ ትልቅ ደም ሥር ወደ ጉበት ይገባል። ጉበት ጠባሳ ሲይዝ ደሙ እንደልብ አያልፍም። ግፊቱ ወደ ኋላ ይመለስና ጣፊያን ያሳብጣል። የምግብ ቧንቧ ግርጌ ላይ ያሉ ደም ሥሮችም ይወጠራሉ። እኔን የሚያስፈሩኝ እነዚህ ናቸው። አንድ ቀን ከፈነዱ ሰው ብዙ ደም ያስታውካል።

እርስዎ ላይ መጀመሪያ የምጠረጥረው ቢልሃርዝያን ነው። ጣና ዙሪያ የአንጀት ቢልሃርዝያ አለ። ትሉ ውኃ ውስጥ በቆዳ በኩል ይገባል። እንቁላሉ ለዓመታት ጉበት ውስጥ እየቀረ ጠባሳ ይፈጥራል። ሕመሙ ሲቆይ ሰገራ ላይ እንቁላል ላይገኝ ይችላል፤ ስለዚህ «ሰገራህ ንጹሕ ነው» ቢባሉም ያደጉበትን ቦታ ለሐኪሙ ይንገሩት። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው፤ በክብደት ተለክቶ፣ በኪሎ 40 ሚሊግራም ሆኖ፣ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቀን ተውጦ ያልቃል። ትሉን ይገድላል። የቆየውን ጠባሳ ግን ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም፤ ክትትል የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ሄፓታይተስ ቢ እና ሲም በደም ይመርመሩ። ሲ ዛሬ በሦስት ወር ገደማ ክኒን ይድናል። ቢ ብዙ ጊዜ ጨርሶ አይጠፋም፤ ሕክምና ለሚያስፈልገው ሰው ግን ቴኖፎቪር በየቀኑ ሲወሰድ ቫይረሱን ይዞ ያቆመዋል። ወደ መተማ ወይም ሁመራ ለእርሻ ሥራ ሄደው ከነበረና ትኩሳቱ ካልለቀቀዎት፣ ክብደትም ከቀነሱ፣ ካላዛር (በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ፣ ጣፊያን የሚያሳብጥ በሽታ) መሆኑ መታየት አለበት። ካልታከመ ይገድላል። ተደጋጋሚ ወባም ጣፊያን ያሳብጣል። አረቄ የሚጠጡ ከሆነም ሳይደብቁ ይናገሩ።

አሁን ወደ ምግቡ። ሥጋና እንቁላል ተው የሚለው ምክር በጣም ያሳስበኛል። ጉበቱ የተጎዳ ሰው ጡንቻው ቶሎ ይሟሽሻል፤ ከሌላው ሰው የበለጠ ፕሮቲን ያስፈልገዋል። እንቁላል፣ በደንብ የበሰለ ዓሣ፣ ዶሮ፣ ወተት ይብሉ፤ ይጠጡ። በጾም ወቅት ሽሮ፣ ምስር፣ አተርና ባቄላ አሉልዎት። ችግሩ ከጾም ምግቡ ይልቅ ረጅም ሰዓት ባዶ ሆድ መቆየቱ ነው። ጠባሳ ያለበት ጉበት ስኳር የማጠራቀም አቅሙ ይቀንሳል። ሰውነት ሲርበው የገዛ ጡንቻውን ያነዳል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየቱን ለንስሐ አባትዎ ያማክሩ፤ ለታመመ ሰው ይፈቅዳሉ። ማታ ከመተኛትዎ በፊትም አጥሚት ወይም ዳቦ ይቅመሱ።

ሆድዎ ውኃ ከቋጠረ ወይም እግርዎ ካበጠ ጨው ይቀንሱ፤ በቀን ከአንድ የሻይ ማንኪያ በታች ይሁን። በርበሬው ውስጥ ያለውም ይቆጠራል። ቡና በጨው የሚጠጡ ከሆነ ጨውን ይተዉት። ቡናውን አይተዉ፤ ለጉበት ጥሩ ነው። የሻገተ በቆሎና ለውዝ ግን ይጣል። ሻጋታው የሚያመነጨው መርዝ የጉበት ካንሰር ያመጣል፤ ሄፓታይተስ ቢ ባለበት ሰው ላይ ደግሞ ይብሳል። አልኮል ጨርሶ አይንኩ፤ ጠላና ጠጅም አልኮል ናቸው።

የተጠቆሙትን የወፍ በሽታ መድኃኒት እባክዎን አይውሰዱ። ቅጠል ስለሆነ አይጎዳም ማለት አይቻልም። በሰሜን ምዕራብ ትግራይ በአንድ አካባቢ፣ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ፣ ብዙ ሰው በጉበት በሽታ አልቋል፤ ኋላ ሲጠና መርዙ ከእህል ጋር ከሚቀላቀል አረም የመጣ ሆኖ ተገኘ። ከፋርማሲ ለሕመም የሚገዙት ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌንም ለእርስዎ አይሆኑም፤ ደም ሊያስደሙና ኩላሊት ሊጎዱ ይችላሉ። ፓራሲታሞል ይሻላል፤ በ24 ሰዓት ከ2 ግራም፣ ማለትም ከአራት ባለ 500 ክኒን አይለፍ።

ቆሽትዎ ደህና ነው ስለተባለ ለእሱ የተለየ ምግብ አያስፈልግዎትም። ቆሽት ሲታመም ከላይኛው ሆድ ተነሥቶ ወደ ጀርባ የሚዘልቅ ሕመም፣ ቅባት የሚንሳፈፍበት ሰገራና ስኳር በሽታ ሊያመጣ ይችላል። ያኔ ትንሽ ትንሽ ቶሎ ቶሎ መብላት፣ ከመጠጥና ከሲጋራ መራቅ ግድ ይሆናል።

ሐኪምዎን ኢንዶስኮፒ (ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ በአፍ በኩል የምግብ ቧንቧን ማየት) እንዲያዝልዎት ይጠይቁ። የተወጠሩ ደም ሥሮች ከታዩ እንደ ፕሮፕራኖሎል ያለ መድኃኒት ይሰጣል፤ ወይም በኢንዶስኮፕ ይታሰራሉ። ደም ካስታወኩ፣ ሰገራዎ ጥቁር ሆኖ ካጣበቀ፣ ግራ የመጋባት ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ የማለት ነገር ከመጣብዎት ሌሊትም ቢሆን ሳይውሉ ሳያድሩ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ጎንዎ ላይ ምት እንዳያርፍም ይጠንቀቁ፤ ያበጠ ጣፊያ በቀላሉ ይቀደዳል።

ሄፓታይተስ ቢ ከተገኘብዎት ባለቤትዎና ልጆችዎም ይመርመሩ። ነጻ የሆኑት ሦስቱን ዙር ክትባት ይውሰዱ።