«ሞገድና የሙቀት መተላለፍ እወዳለሁ፤ ምን ልማር?»

ውድ እህቴ፣

የ12ኛ ክፍል ተማሪ እንደሆንሽ፣ ከፊዚክስ ሁሉ ስለ ኤሌክትሮማግኔቲክ ሞገድ (ብርሃን፣ ሬዲዮና ራጅ የመሳሰሉት) እና ስለ ሙቀት መተላለፍ የተማርሽው እንደሚስብሽ፣ ቤተሰቦችሽ ግን «ፊዚክስ ከመምህርነት ሌላ ሥራ የለውም» እንደሚሉሽ ጽፈሽልኛል። መምህርነትን በጣም አከብራለሁ። ሌላ ሥራ የለውም መባሉ ግን ስህተት ነው። ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ሮንትገን እ.ኤ.አ. በ1895 ራጅን ያገኘው የፊዚክስ ሙከራ ሲሠራ ነው፤ በቀጣዩ ዓመት ሐኪሞች የተሰበረ አጥንት ያዩበት ጀመር።

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሞገድ ኃይል ተሸክሞ ይጓዛል፤ አንድ ነገር ላይ ሲያርፍ ደግሞ ያስረክባል። አንቺን የሚማርክሽ ጉዞው ነው ወይስ ርክክቡ?

ጉዞው ከሆነ የኤሌክትሪካል ምህንድስናን የኮሙኒኬሽን ዘርፍ ተመልከቺ። አንቴና፣ ራዳርና የሞባይል ኔትወርክ እዚያ ናቸው።

ርክክቡ ከሆነ ግን ትንሽ ልቆይበት፤ ብዙ ተማሪ ይህ ሙያ መኖሩን እንኳ አልሰማም። ሳተላይትን አስቢ። በዙሪያው አየር ስለሌለ ሙቀቱን በኮንቬክሽን፣ ማለትም በአየር ወይም በፈሳሽ እንቅስቃሴ፣ ማስወጣት አይችልም። ውስጥ ለውስጥ ሙቀቱ በኮንዳክሽን፣ ማለትም በተነካኩ አካላት በኩል፣ ይሄዳል፤ ወደ ኅዋ የሚወጣው ግን በጨረር ነው። የአንድ ገጽ የሙቀት መጠን በኬልቪን (ከፍጹም ዜሮ በሚጀምረው መለኪያ) እጥፍ ሲሆን የሚያወጣው ጨረር 16 እጥፍ ይሆናል። ይህን አስልቶ መሣሪያዎቹ እንዳይግሉም እንዳይቀዘቅዙም የሚያደርግ መሐንዲስ አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ የተማረው መካኒካል ወይም ኤሮስፔስ ምህንድስና ነው። የሶላር ፓነል ሥራም ለአንቺ ቅርብ ይመስለኛል። ፓነል ካረፈበት ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው አንድ አምስተኛ ገደማ ነው፤ የቀረው በአብዛኛው ሙቀት ይሆናል፣ ሲግል ደግሞ የሚያመነጨው ይቀንሳል። የምትወጂያቸው ሁለቱ ነገሮች እዚህ አንድ ላይ ናቸው።

ከሰው ጋር መሥራት ከፈለግሽ የራጅ ባለሙያነት አለ፤ ካንሰር በጨረር የሚታከምበትን መጠን የሚያሰላው የሕክምና ፊዚክስም አለ፤ ለዚህኛው ግን በብዙ ቦታ ሁለተኛ ዲግሪ ይጠየቃል።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ዩኒቨርሲቲ ስትገቢ ኤሌክትሮማግኔቲክስ የሚማሩት በቬክተር ካልኩለስ፣ ማለትም መጠንና አቅጣጫ ያላቸው ነገሮች እንዴት እንደሚለዋወጡ በሚያሰላ ሒሳብ፣ ነው። የወደድሽው ሥዕሉን ብቻ ከሆነ እዚያ ስትደርሺ ይከብድሻል፤ አሁን ካልኩለስን አጥብቀሽ ያዢ።

ከመወሰንሽ በፊት ይህን ሞክሪ። እኩል የሆኑ ሁለት ጣሳዎች ፈልጊ፤ አንዱን ጥቁር ቀቢ፣ ሌላውን እንዳብረቀረቀ ተይው። እኩል ሙቅ ውኃ ጨምረሽ ክደኛቸው፤ በየሁለት ደቂቃው በቴርሞሜትር ለክተሽ መዝግቢ። ከዚያ ግራፉን ላኪልኝ፤ ደስ ያለሽ መለካቱ፣ ማስላቱ ወይስ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ማሰቡ እንደሆነም ጻፊልኝ። የሚቀጥለውን መልሴን ከዚያ እጀምራለሁ።