የተከለከለ ፍቅር ክብደት የሚያገኘው ከየት ነው?

ጥያቄሽ በአጭሩ ይህ ነው፦ በምትጽፊው የወጣቶች ፋንታሲ ውስጥ ልዕልቷ ከጠላት አገር የመጣ አስማተኛ ልጅ ታፈቅራለች፤ ያነበቡልሽ ሰዎች ግን "ክልክል መሆኑ አይሰማንም" አሉሽ።

እኔ እንደሚመስለኝ ችግሩ ፍቅሩ ላይ ሳይሆን ሕጉ ላይ ነው። "ክልክል ነው" ተብሎ የተነገረ ሕግ ማንንም አያስፈራም። ሲቀጣ እንየው። ሁለቱ ከመገናኘታቸው በፊት ሌላ ሰው ይህንኑ ሕግ ጥሶ ዋጋ ሲከፍል አሳዪን። ለምሳሌ ልዕልቷን ያሳደገቻት ሞግዚት ከጠላት ወገን ባል በማግባቷ ስሟ ከቤተ መንግሥቱ መዝገብ ይፋቅ። ልዕልቷም እዚያው ቆማ ትየው። ከዚያ በኋላ የልጁን እጅ ስትነካ እኛም እንደነግጣለን።

ደግሞ ከልካዮቹ በቂ ምክንያት ይኑራቸው። ሁሉም ክፉ ከሆኑ ምርጫው ቀላል ነው፤ ጠፍቶ መሄድ ብቻ። ንግሥቲቱ የበኩር ልጇን የቀበረችው በዚያ ጦርነት ከሆነስ? ያኔ እሺም እምቢም ያማል። እንቅፋቱ ከውስጥም ሊመጣ ይችላል። በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣው "ትዋይላይት" የተባለው ልብ ወለድ ውስጥ ልጁ ቫምፓየር (ደም መጣጭ) ስለሆነ፣ ራሱ የሚወዳትን ልጅ ደም ይጠማል።

አንድ ነገር ግን አደራ። ክልክል መሆኑ ብቻውን ፍቅር አይሆንም። የሚከራከሩበት፣ አብረው የሚስቁበት ነገር ስጪያቸው። ቅናትንና ክትትልን እንደ ፍቅር ምልክት አታቅርቢ፤ አንባቢሽ የ14 ዓመት ልጅ ልትሆን ትችላለች። ይህን በጣም አስቢበት።

የሞግዚቷን ዓይነት ትዕይንት ከጻፍሽ እዚሁ ለጥፊው፤ ደስ ብሎኝ አነበዋለሁ።