ለስፖርት ሱቅ ታፔላ፦ ወፍራምና ዘመም ያለ ፊደል

ሰላም ወንድሜ። "ለስፖርት ትጥቅ ሱቅ ታፔላ ወፍራም፣ ዘመም ያለ ሳንስ ሰሪፍ (ጫፎቹ ላይ ጌጥ የሌለው) ፎንት እፈልጋለሁ፤ እንግሊዝኛው አምሮ አማርኛው ኢታሊክ (ዘመም) ሳደርገው ለምን ይበላሻል?" ብለሃል። ታፔላ፣ ባነርና የማሊያ ጽሑፍ ስሠራ ዓመታት ስለቆጠርኩ፣ ከሥራው ያየሁትን ልንገርህ።

እንግሊዝኛው ያማረብህ ዘመም ሆኖ የተሠራ ፎንት ስላለው ነው። የአሜሪካዊቷን ሠዓሊ የባርባራ ክሩገርን ሥራዎች ተመልከት። በቀይ መደብ ላይ ፉቱራ ቦልድ በሚባል ወፍራም ፎንት የተጻፈ ነጭ ዘመም ፊደል ነው፤ ከሩቅ ይጣራል። ቃሉ አጭር ነው፣ ውፍረቱ ብዙ ነው፣ ማዘንበሉ ደግሞ ፍጥነት ይሰጠዋል። ለስፖርት የሚመረጠውም ለዚህ ነው።

አማርኛ ላይ ግን የኢታሊክ ቁልፉን ስትጫን ኮምፒውተሩ ቀጥ ያለውን ፊደል ዝም ብሎ ወደ ቀኝ ይገፋዋል። "ዐ"ን አይተህ ፍረድ። ክቡ ከላይ በቀኝና ከታች በግራ ይወፍራል፣ በሌሎቹ ሁለት ማዕዘኖች ይሳሳል። "ለ"ም እንደዚሁ ነው፤ የግራ እግሩ ይጋደማል፣ የቀኙ ወደ ቀጥታ ይጠጋል። ሚዛኑን ያጣ ፊደል ትልቅ ታፔላ ላይ በጣም ያስጠላል።

ከማዘንበሉም በላይ ግን እኔን የሚያሳስበኝ ውፍረቱ ነው። የእኛ ፊደል ድምፁን የሚለውጠው በትንሽ ምልክት ነው። "ቤ" እግሯ ላይ ያለችው ቀለበት በውፍረት ከተደፈነች "ቢ" ትመስላለች። "በ"ንና "ባ"ን የሚለያቸው የአንድ እግር ርዝመት ነው። ስለዚህ ፊደሉን ስታወፍር ቀለበቶቹን ከፈት አድርጋቸው፣ የእግሮቹን ልዩነት አጋንነው። ስቲከር የምታስቆርጥ ከሆነ ደግሞ ይሄ ግዴታ ነው፤ ጠባብ ቀዳዳ ሲላጥ ይቀደዳል።

እኔ የምሠራው እንዲህ ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባለውን የአማርኛ ፎንት እወስዳለሁ። እስከ ብላክ (በጣም ወፍራሙ ደረጃ) የሚደርስ ውፍረት አለው፣ ዘመም ግን የለውም። ፈቃዱ ነፃ ስለሆነ ቅርጹን መነካካት ይቻላል። የሱቁን ስም ጽፌ ወደ አውትላይን (ቅርጹ በእጅ ወደሚስተካከል መስመር) እቀይርና ከ8 እስከ 10 ዲግሪ ብቻ አዘነብለዋለሁ። የእንግሊዝኛው ፊደል 12 ዲግሪ ቢሆንም ግድ የለም፤ አጠገብ ለአጠገብ ሲቆሙ ለዓይን እኩል ከመሰሉ በቂ ነው። ከዚያ ክቦቹን አንድ በአንድ በእጅ አስተካክላለሁ። የስም ጽሑፍ አምስት ስድስት ፊደል ስለሆነ ብዙ ጊዜ አይፈጅም። በፊደላቱ መካከል ያለውን ክፍተትም ትንሽ ሰፋ አድርገው፤ አማርኛ ሲጠጋጋ ይታፈናል።

ስልክ ቁጥር፣ አድራሻና የዕቃ ዝርዝር ላይ ግን ዘመሙን አትጠቀም። እሱን ቀጥ ባለ መካከለኛ ውፍረት ጻፈው። በነገራችን ላይ የእኛ ጽሑፍ ቃልን ለማጉላት ሌላ መንገድ ነበረው። በብራና መጻሕፍት የቅዱሳን ስም በቀይ ቀለም ይጻፋል። አንተም ታፔላው ላይ አንድ ነገር አጉልቶ ማሳየት ካማረህ ቀለም ቀይር።

ከማሳተምህ በፊት ዲዛይኑን በስልክህ ላይ ጥፍር እስኪያክል አሳንሰውና፣ የሱቁን ስም ለማያውቅ ሰው አስነብበው። ከተደናገረ የተደፈነውን ቀለበት ፈልግ። ስሙን እዚሁ ብትለጥፈው የትኞቹ ፊደላት እንደሚያስቸግሩህ አይቼ እነግርሃለሁ።