ሞተር ሳይክል ለመግዛት ላሰባችሁ የድሬና የሐረር ልጆች

ልጆቼ፣

ገንዘቡን ቆጥባችሁ ለጨረሳችሁም፣ ቁጠባውን ገና ለጀመራችሁም ነው የምጽፈው። ለሥራ መመላለሻ ሳይሆን ለደስታ የሚነዳ፣ ዕድሉ ሲገኝም በተዘጋ የውድድር መንዳት መስክ (ትራክ) ላይ አቅሙ የሚፈተን መካከለኛ ሞተር ስትፈልጉ፣ ከአፋችሁ ቀድሞ የሚወጣው ጥያቄ «ስንት ይበራል?» የሚል ነው። እኔ ግን ከዚያ በፊት እንድትጠይቁ የምፈልገው አለ፦ ሲበላሽ እዚሁ ድሬ ላይ በምን ይጠገናል? የዚህን መልስ ሳታውቁ ገንዘብ አትቁጠሩ።

ያላችሁን ሁሉ ለሻጩ አትስጡ። ገንዘቡን ሦስት እጅ ክፈሉት፤ ሁለቱ ለሞተሩ ይሁን፣ ሦስተኛው ይቀመጥ። ያገለገለ ሞተር ስትገዙ ጎማው አርጅቷል፣ የፍሬን ዘይቱ ጠቁሯል፣ ካቴናው ረግቧል ብላችሁ ተነሡ። ሦስተኛው እጅ ሁለት ጎማ፣ የፍሬን ሸራ፣ ካቴና ከፊትና ከኋላ ጥርሶቹ ጋር፣ ሄልሜት፣ ጓንት፣ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማና የቆዳ ልብስ ይገዛል። ካቴናውን ብቻ ቀይራችሁ አሮጌ ጥርስ ላይ ብትጭኑት ጥርሱ አዲሱን በጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር ይበላዋል፤ ሦስቱ አብረው ይቀየራሉ። ሄልሜቱ ከኋላ ወይም ከማሰሪያው ላይ «ኢ ሲ ኢ 22.05» ወይም «22.06» የሚል የደህንነት ደረጃ ምልክት ይኑረው። አንድ ጊዜ በአደጋ የተመታ ሄልሜት ከላይ ደህና ቢመስልም ውስጡ ያለው የግጭቱን ኃይል የሚውጥ ስፖንጅ አንዴ ከተጨፈለቀ አይመለስም። ስለዚህ ያገለገለ ሄልሜት አትግዙ።

ወደ ሞተሩ እንምጣ። ባለ አራት ሲሊንደር 600 ሲሲ የውድድር ሞተሮች ድምፃቸው ልብ ይሰርቃል። ይሁን እንጂ ጉልበታቸው ያለው በደቂቃ ከ10,000 ዙር በላይ ነው፣ ክፍተታቸው የሚለካ አሥራ ስድስት ቫልቭ (የአየርና የጭስ በር) አላቸው፣ የመጀመሪያው መውደቅ የሚሰብረው ፕላስቲክ ደግሞ ኪስ ያራቁታል። ለጀማሪም፣ በራሱ እጅ ለሚጠግንም አይሆኑም። ከ400 እስከ 700 ሲሲ ያሉት ባለ ሁለት ሲሊንደሮች ግን ከ3,000 ዙር ጀምሮ ይጎትታሉ፣ ቫልቫቸው ስምንት ነው፣ በመካከል ያለው ቦታም መፍቻ ለማስገባት ይበቃል።

በማስታወቂያ የምታነቡት የፈረስ ጉልበት በባሕር ወለል የተለካ መሆኑንም አትርሱ። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሐረር ወደ 1,900 ትጠጋለች። አየሩ ሲሳሳ ሞተሩ የሚስበው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ 75 የፈረስ ጉልበት የተባለው ድሬ ላይ ወደ 65፣ ሐረር ላይ ወደ 60 ይወርዳል። ከድሬ ወደ ሐረር የሚያወጣውን የደንገጎ ዳገት ስትወጡ የሚጠቅማችሁ ከታች ዙር ላይ የሚገኝ ጉልበት እንጂ ወረቀት ላይ ያለው ከፍተኛ ቁጥር አይደለም።

ከሁሉ ደጋግሜ የምመክረው ሱዙኪ ኤስ ቪ 650ን ነው። በ1999 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የወጣ፣ 645 ሲሲ፣ ሲሊንደሮቹ በ90 ዲግሪ ቪ ቅርጽ የቆሙ ሞተር ነው። እስከ 2002 የተሠራው ነዳጅና አየር የሚቀላቅል ካርቡሬተር አለው፤ ከ2003 ጀምሮ ነዳጁ በኢንጄክሽን ይረጫል። ሞተሩ ጠንካራ ነው፤ የቫልቭ ክፍተቱ በየ24,000 ኪሎ ሜትር ይታያል፣ የማስገቢያው ከ0.10 እስከ 0.20፣ የማስወጫው ከ0.20 እስከ 0.30 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ጉድለቶቹም የታወቁ ናቸው። የፊተኛው ሲሊንደር ካንዴላ ወደ ፊት ጎማ ስለሚያይ ጎማው የሚረጨው ውሃ ጉድጓዱ ውስጥ ይጠራቀማል። ውሃው የሚወጣባት ትንሽ ቀዳዳ በአቧራ ስትደፈን፣ የእኛ አገር አቧራ ደግሞ በአንድ በጋ ይደፍናታል፣ በመጀመሪያው ዝናብ ሞተሩ በአንድ ሲሊንደር ብቻ መንተፋተፍ ይጀምራል። ባለቤቱ ኮይል ይቀይራል፣ ባትሪ ይቀይራል፤ መድኃኒቱ ግን ቀዳዳዋን በቀጭን ሽቦ ከፍቶ በንፋስ ማጽዳትና የካንዴላውን ቆብ የሲሊኮን ግራሶ መቀባት ነው። ሁለተኛው ድክመቱ የፊት ሾኩ ልልነት ነው፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

ያማሃ ኤም ቲ 07 በ2014 መጣ። 689 ሲሲ፣ ወደ 75 የፈረስ ጉልበት፣ ነዳጅ ሞልቶ ክብደቱ 180 ኪሎ ገደማ። ለመንዳት ከሁሉም የሚያስደስት እሱ ነው እላለሁ፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ይወጣል። ካዋሳኪ ኒንጃ 650 ትንሽ ከበድ ያለና የማያስቸግር ነው። ከ2018 ጀምሮ ያለው ኒንጃ 400 እና 471 ሲሲው ሆንዳ ሲ ቢ 500 ለመጀመሪያ ሞተር ከሁሉም ይሻላሉ፤ ጉልበታቸው አርባ ምናምን ስለሆነ ስትሳሳቱ ይምራሉ። ባለ አንድ ሲሊንደሩ 373 ሲሲ ባጃጅ ዶሚናር 400 በትራክ ላይ ከነዚህ ያንሳል። ሮያል ኢንፊልድ 650 የቫልቩ ክፍተት በብሎንና በዳዶ የሚስተካከል በመሆኑ ለእጅ ጥገና ምቹ ነው፤ ሆኖም ከ200 ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ ለትራክም አልተሠራም። ለጉዞ የምትፈልጉት ከሆነ ግን አልቃወምም።

ካርቡሬተር ይሻላል ወይስ ኢንጄክሽን? ካርቡሬተርን ማንኛውም መካኒክ ፈትቶ ያጸዳል። ነገር ግን ለድሬ የተስተካከለው ሐረር ሲደርስ ነዳጅ ይበዛበታል፤ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ጠዋት ለመነሣትም ያስቸግራል። ኢንጄክሽን የአየሩን ግፊት ለክቶ ራሱን ያስተካክላል። በሁለቱ ከተሞች መካከል ለሚመላለስ ሰው ኢንጄክሽኑን እመርጣለሁ። ፀሩ ቆሻሻ ቤንዚን ነው፤ መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውን አትቅዱ። ውሃና ደለል የገባበት ቤንዚን የታንኩን ፓምፕና የመርጫውን ቀዳዳ ይዘጋል፤ ሞተሩ በዝግታ ደህና ሄዶ ነዳጅ ሲሰጡት የሚያንቀው ከሆነ መጀመሪያ የምጠረጥረው ይህንን ነው።

የድሬ ሙቀት ሞተር ይገድላል። ራዲያተሩ ውስጥ የቧንቧ ውሃ አትጨምሩ። የቤታችሁ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ልባስ በራዲያተሩ ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥም ይጋገራል። የተጣራ ውሃ ከዝገት መከላከያ ጋር ተጠቀሙ። ብዙ የትራክ አዘጋጆች አንቲፍሪዝ (ውሃ እንዳይረጋ የሚጨመረውን ፈሳሽ) ይከለክላሉ፤ ሲፈስ አስፋልቱን እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፣ ለመጥረግም ያስቸግራል። እኛ ጋ ውርጭ ስለሌለ ያለ እሱ መኖር ይቻላል። ሙቀት የሚያጠቃው ሌላው ዕቃ የባትሪውን ቻርጅ የሚቆጣጠረው ሬጉሌተር ነው። ቴስተር ባትሪው ላይ አድርጉ፦ ሞተሩ ጠፍቶ ከ12.4 እስከ 12.7 ቮልት፣ በ5,000 ዙር ከ13.5 እስከ 14.8 መሆን አለበት። ከ15 በላይ ከወጣ ሬጉሌተሩ ባትሪውን እየቀቀለ ነው። ከ13 በታች ከሆነ ሞተሩን አጥፍታችሁ ከዲናሞው የሚመጡትን ሦስት ሽቦዎች ነቅላችሁ ሁለት ሁለቱን በኦም ለኩ፤ ሦስቱም ልኬት እኩል ሆኖ አንዳቸውም ከሻንሲ ጋር ካልተገናኙ ዲናሞው ደህና ሳይሆን አይቀርም፣ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ሬጉሌተሩ ነው።

ለማየት ስትሄዱ ሻጩ አስቀድሞ እንዳያስነሣው ንገሩት። ስትደርሱ የሞተሩን ጎን በእጃችሁ ዳስሱ፤ ሞቆ ከጠበቃችሁ የሚደበቅ ነገር አለ። በቀዝቃዛው ስታስነሡት ከማርሚታው የሚወጣው ጭስ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየተቃጠለ ነው። ከዚያ ሥራ ፈት እያለ እንዲሞቅ ተዉት፣ የራዲያተሩ ፋን እስኪነሣ ጠብቁ፤ ካልተነሣ መርካት የለባችሁም። የፊት ጎማውን ከመሬት አንሡና መሪውን ቀስ ብላችሁ ግራና ቀኝ አዙሩት፤ መሐል ላይ እንደ መያዝ ካለ ኩሽኔታው ተጎድቷል። መሪው ሲታጠፍ የሚቆምባቸውን የሻንሲ ጉብታዎች ተመልከቱ፤ የተጨፈለቁ ወይም አዲስ ብየዳ ያለባቸው ከሆነ ሞተሩ ክፉኛ ወድቋል፣ ትታችሁ ሂዱ። ካቴናውን በአራት የተለያየ ቦታ እየሳባችሁ ለኩ፤ አንድ ቦታ ጠብቆ ሌላ ቦታ ከላላ አልቋል። በፊት ሾኩ ዘንግ ላይ የዘይት ቀለበት ካለ ማኅተሙ ያፈሳል፣ የሚፈሰውም ወደ ፍሬን ዲስኩ ነው። በመጨረሻ በመሪው አንገት ላይ የተመታውን የሻንሲ ቁጥርና የሞተሩን ቁጥር ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩ። አንዲት ቁጥር ብትለያይ እንኳ «በኋላ ይስተካከላል» የሚላችሁን አትስሙ።

ለእነዚህ ሞተሮች የሚሆን መለዋወጫ በየሱቁ አታገኙም፤ በድሬ ገበያ የሚገኘው በብዛት የባለ ባጃጆችና የትንንሾቹ ሞተሮች ነው። ኩሽኔታ ግን ጎኑ ላይ ቁጥር አለው፤ ቁጥሩን ይዛችሁ የመኪናና የማሽን ኩሽኔታ ከሚሸጥበት ሱቅ ብትገቡ ያው ይገኛል። ሌላውን አስቀድማችሁ አስመጡ፦ ሁለት የዘይት ፊልትሮ፣ የአየር ፊልትሮ፣ ካንዴላዎች፣ የፍሬንና የፍሪሲዮን እጀታ። እጀታ የምለው ሞተር ቆሞም ቢሆን ሲወድቅ ቀድሞ የሚሰበረው እሱ ስለሆነ ነው። የሞተር ዘይቱ ውፍረት 10 ደብሊው 40 ሆኖ ቆርቆሮው ላይ «ጃሶ ኤም ኤ» ወይም «ኤም ኤ 2» የሚል የሞተር ሳይክል ዘይት ደረጃ ይኑረው። የመኪና ዘይት ውስጥ ያለው ማለስለሻ በዘይት የሚታጠበውን ፍሪሲዮን ያንሸራትተዋል፤ ዙሩ እየጨመረ ፍጥነቱ ካልጨመረ ይኸው ደርሶባችኋል።

አሁን ስለ ሾኩ። በዚህ ዋጋ ያሉ ሞተሮች ሁሉ ገንዘብ የተቆጠበባቸው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ከማርሚታና ከጌጥ በፊት የምታወጡት ብር እዚህ ይዋል። አንዲት ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ የፊት ሾኩ ዘንግ ላይ እሰሩ። ሁለት ሰው ሞተሩን ይያዝላችሁ፤ ሙሉ ልብሳችሁን ለብሳችሁ ቀስ ብላችሁ ውጡበት፣ ማሰሪያዋን ወደ ታች ገፍታችሁ ውረዱ። ከዚያ ፊቱ ከመሬት እስኪነሣ ድረስ ሲለጠጥ ማሰሪያዋ ከዘይት ማኅተሙ ስንት እንደራቀች ለኩ። ከ30 እስከ 35 ሚሊ ሜትር ጥሩ ነው። ከ45 በላይ ከሆነ ሞላው ለክብደታችሁ ልል ነው፤ ፍሬን ስትይዙ አፍንጫው ይደፋል፣ ጎማውም መሬቱን አይጨብጥም። ለ75 ኪሎ ሰው የኤስ ቪ 650 ሞላ በሚሊ ሜትር ከ0.85 እስከ 0.90 ኪሎ ወደሚሸከም ቢቀየር ሌላ ሞተር የገዛችሁ ይመስላችኋል።

ለትራክ ሲሄድ መስታወቱ ይወልቃል፣ መብራቱ በፕላስተር ይሸፈናል፣ የዘይት መድፊያው ብሎን በ0.8 ሚሊ ሜትር የማይዝግ ሽቦ ይታሰራል። የፍሬን ዘይቱ አዲስ ዶት 4 ይሁን፤ አሮጌው ከአየር እርጥበት ስለሚጠጣ ሲግል ይፈላል፣ እጀታውም ባዶ እስከ መሪው ይገባል። ጎማው ጎን ላይ ያሉትን አራት አሃዞች አንብቡ፦ 2321 ማለት በ2021 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ከስድስት ዓመት ያለፈውን ጥርሱ ቢኖርም አትመኑት፤ በድሬ ፀሐይ ጎማ ቶሎ ይደርቃል።

ደንገጎ ትራክ አይደለም። ጠመዝማዛው ላይ ናፍጣ ፈስሶ ይቆያል፣ ከአወዳይ ጫት የጫነ መኪና መሐል መስመር ይዞ ይወርዳል፣ ከጥምዝምዙ ወዲያ ፍየል ይኑር ከባድ መኪና ይቁም አታዩም። በጥሩ አስፋልት ላይ በደንብ ፍሬን የሚይዝ ሰው በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ለመቆም 20 ሜትር ይበቃዋል፤ በ100 ግን 55 ሜትር ይፈልጋል፣ ያውም ለማሰብ የወሰደው ጊዜ ሳይቆጠር። እባካችሁ እዚያ አትሽቀዳደሙ።

መለማመድ ለምትፈልጉ ባለቤቱ የፈቀደላችሁ፣ የታጠረ፣ የተጠረገ አስፋልት ወይም ሲሚንቶ ግቢ ይበቃል። ጠዋት ሙቀቱ ሳይበረታ፣ አንድ ሰው ዳር ቆሞ እያያችሁ ሥሩ። ውሃ ግማሽ የሞሉ አምስት ጠርሙሶች በ12 ሜትር ርቀት ደርድሩና በሁለተኛ ማርሽ እየተጠማዘዛችሁ እለፉ። ከዚያ ከ40 ኪሎ ሜትር ተነሥታችሁ የፊት ፍሬኑን ቀስ ብሎ በመጀመር ከዚያ በማጥበቅ ቁሙ፤ የቆማችሁበትን በኖራ አስምሩ፣ አሥር ጊዜ ድገሙት፣ መስመሮቹ እየቀረቡ ሲመጡ 50 ሞክሩ። ፊት ጎማው ከጮኸ ወይም ከተንሸራተተ እጀታውን ወዲያው ልቀቁ። የጎማውን ንፋስ ከመንዳታችሁ በፊት በቀዝቃዛው ለኩ። የራሳችሁ መለኪያ ይኑራችሁ፤ ጎሚስታው ዘንድ ያለው ለከባድ መኪና የተሠራ ነው፣ በዝቅተኛው ቁጥር ላይ ይዋሻል። ለመንገድ ፊት 33 ኋላ 36 ፒ ኤስ አይ የሚል ሞተር በትራክ ላይ በመንገድ ጎማ ሲሄድ በቀዝቃዛው ሁለቱንም ከ30 እስከ 31 አድርጉ፤ ወደ ቤት ከመመለሳችሁ በፊት መልሳችሁ ሙሉት።