ስቴት ልትቀይሩ ነው? ከሥራችሁ እንዲህ ልቀቁ

ጉዞን መደበቅ ልማዳችን ነው። «ሰው አፍ አልገባም» ብሎ ሻንጣው መኪና ላይ እስኪጫን ለማንም የማይተነፍስ ስንቱ ነው። ለጎረቤት ይሁን፣ ግድ የለም። አለቃ ላይ ግን አይሠራም። የመጨረሻውን ደመወዝ ተቀብሎ ስልክ ዘግቶ የጠፋ ሰው፣ አዲሱ አሠሪ ወደ ድሮው መሥሪያ ቤት ደውሎ «መልሳችሁ ትቀጥሩት ነበር?» ሲል ጉዱ ይወጣል።

አሜሪካ ውስጥ የሁለት ሳምንት ማስጠንቀቂያ በአብዛኛው ሥራ ላይ የሕግ ግዴታ ሳይሆን ልማድ ነው። ቢሆንም ስጡ፣ በጽሑፍ። «የመጨረሻ ቀኔ ይህ ነው፣ ስለ ሁሉም አመሰግናለሁ» በቂ ነው። የከረመ ቂም ካለ ለቡና ሰዓት አቆዩት።

አሠሪውም «በቃ፣ ዛሬውኑ ሂድ» ሊል ይችላል። ስለዚህ አዲሱ ሥራ በጽሑፍ ሳይመጣ፣ ባክግራውንድ ቼኩም (የኋላ ታሪክ ማጣራቱ) ሳያልቅ አፋችሁን አትክፈቱ። ደብዳቤውን ከመስጠታችሁ በፊት የደመወዝ ወረቀቶቻችሁን ከሲስተሙ አውርዱ፤ ከለቀቃችሁ በኋላ ፓስወርዱ ላይሠራ ይችላል።

አሁን ብዙ ሰው ወደማያስበው እንምጣ፤ የምትለቁበት ቀን። ብዙ ቦታ የጤና ኢንሹራንስ እስከ ወሩ መጨረሻ ይዘልቃል፤ አንዳንዱ ጋ ግን የመጨረሻዋ ፈረቃ ስታልቅ አብሮ ያበቃል። ኤች አርን (የሠራተኛ ጉዳይ ክፍሉን) ጠይቁ። እስከ ወር መጨረሻ ከሆነ ጁን 30 ከመልቀቅ ጁላይ 2 ይሻላል። የኢንሹራንሱ የራሳችሁ ድርሻ ከደመወዝ ሊቆረጥ ይችላል፣ ግን ለሁለት ቀን ሥራ የጁላይን ሽፋን ታገኛላችሁ። ልጅ ላለው፣ ነፍሰ ጡር ሚስት ላለው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከዚያ በኋላ ኮብራ አለ፤ ከለቀቃችሁም በኋላ የድሮውን ኢንሹራንስ በራሳችሁ ክፍያ ለጊዜው የምታስቀጥሉበት ሕግ ነው። 20 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው አሠሪ ማቅረብ አለበት። ዋጋው ያስደነግጣል፤ አሠሪው ይከፍል የነበረውንም እናንተው ትሸፍናላችሁ። ደግነቱ ለመወሰን ቢያንስ 60 ቀን አላችሁ፣ ከመረጣችሁም ሽፋኑ ወደ ኋላ ተመልሶ ይቆጠራል። ጤነኛ ሰው ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጦ አዲሱን ኢንሹራንስ መጠበቅ ይችላል። መሃል ላይ አንድ ነገር ቢፈጠር መርጦ፣ ያለፈውን ከፍሎ ይገባል።

401ኬ (በሥራ በኩል የሚጠራቀም የጡረታ ገንዘብ) ያላችሁ፣ እባካችሁ ለመኪና ኪራይና ለቤት ዲፖዚት ብላችሁ አታውጡት። ገና ሲወጣ 20 በመቶው ለታክስ ይያዛል፤ ዕድሜያችሁ ከ59 ዓመት ተኩል በታች ከሆነ በአብዛኛው ሌላ 10 በመቶ ቅጣት አለ። እዚያው ይቀመጥ፣ ወይም በእጃችሁ ሳያልፍ ቀጥታ ወደ አዲሱ ሥራ አካውንት ይዛወር። አሠሪው የጨመረላችሁ ገንዘብ የእናንተ የሚሆንበት ቀን አንድ ወር ቀርቶት ከሆነማ ምን ያስቸኩላል? ቆዩ።

ያልተወሰደ ዕረፍት እንደየስቴቱ ነው። ካሊፎርኒያ ሕጉ ያስከፍላል፤ ቨርጂኒያ የአሠሪው ፖሊሲ ነው የሚወስነው።

በሥራ ቪዛ ያላችሁ ከሁሉ በፊት ጠበቃ አነጋግሩ፤ የእናንተ ሒሳብ ሌላ ነው።

አዲሱን አድራሻ ለኤች አር ስጡ፤ ደብሊው ቱ (የዓመቱ የደመወዝና የታክስ ወረቀት) እስከ ጃንዋሪ 31 የሚላከው ወደዚያው ነው። ዜጋ ያልሆናችሁ ደግሞ፣ ግሪን ካርድ ያላችሁም ጭምር፣ በተዛወራችሁ በ10 ቀን ውስጥ ለኢሚግሬሽን ማሳወቅ አለባችሁ። ፎርሙ ኤአር 11 ይባላል፤ ኦንላይን ይሞላል፣ ክፍያ የለውም።