«አዲስ አበባ ፍትሕ ሚኒስቴር ልሂድ ወይ?»

ጥያቄ፦ የምኖረው ጎንደር ነው። ከስምንት ወር በፊት ታናሽ ወንድሜን ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ዳር ባጃጅ ገጨው። እግሩ ሁለት ቦታ ተሰብሮ እስካሁን በክራንች ነው የሚሄደው። የቀን ሥራ ይሠራ ነበር፤ አሁን የማኖረው እኔ ነኝ። ሹፌሩ «ዘሎ ገባብኝ» ብሎ ቃል ሰጠ። እዚያው በቆሎ የምትጠብስ ሴትዮ አይታለች፤ ግን ማንም አልጠየቃትም። ባለፈው ሳምንት ዐቃቤ ሕግ «በቂ ማስረጃ የለም» ብሎ መዝገቡን ዘግቶታል ተባልን። የነገሩን በቃል ነው። ሰው ሁሉ «አዲስ አበባ ፍትሕ ሚኒስቴር አመልክቺ፣ ከላይ ያዙልሻል» ይለኛል። ለመንገድና ለማረፊያ ገንዘብ ልበደር ነው። ልሂድ ወይ?

መልስ፦ እህቴ፣ ወንድምዎን እግዜር ይማርልዎ። ብድሩን ይተዉት። አዲስ አበባም አይሂዱ። ይህን የምልዎት በደልዎ ቀላል ስለሆነ አይደለም። በሩ እዚያ ስላልሆነ ነው።

ሰዎች ለምን ወደዚያ እንደሚልኩዎት ይገባኛል። አባቶቻችን ሲበደሉ እስከ ዙፋን ችሎት ድረስ ሄደው «አቤት» ይሉ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ሲሾሙ ፍርዱን የያዙት አፈ ንጉሥ ነሲቡ ነበሩ። ከዚያም በኋላ ለረጅም ዘመን የዐቃቤ ሕግ ሁሉ ጫፍ አዲስ አበባ ነበር። «ከላይ ይታዘዝልኝ» ማለት ያኔ ያስኬድ ነበር።

በ1987ቱ ሕገ መንግሥት ግን ክልሎች የራሳቸው አስፈጻሚና የራሳቸው ፍርድ ቤት አላቸው። ጎንደር ላይ እንዲህ ያለውን የትራፊክ ወንጀል የሚከሰው በአማራ ክልል ፍትሕ ቢሮ ሥር ያለ ዐቃቤ ሕግ ነው። የሚታዘዘውም ለክልሉ ነው። ሰውን የሚያደናግረው የወንጀል ሕጉ አንድ መሆኑ ይመስለኛል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ጎንደርም ጅማም ያው ነው፤ ያወጣው የፌዴራሉ ምክር ቤት ነው። የሚያስፈጽሙት መሥሪያ ቤቶች ግን ለየቅል ናቸው።

ፍትሕ ሚኒስቴር የሚከሰው በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ሥልጣን ሥር የሚወድቁትን ወንጀሎች ነው። ለምሳሌ አንድ ሰው አራዳ ገበያ ውስጥ ሐሰተኛ ብር ሲያዘዋውር ቢያዝ፣ ቦታው ጎንደር ቢሆንም ጉዳዩ የፌዴራል ነው። ከክስ ሌላ ሚኒስቴሩ የሕግ ረቂቅ ያዘጋጃል፤ የፌዴራል መንግሥት በፍትሐ ብሔር ሲከስ ወይም ሲከሰስ ይቆምለታል። በ2008 ዓ.ም. «ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ» ተብሎ ነበር፤ በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1263 ወደ ቀድሞ ስሙ ተመለሰ። ስሙ ቢቀያየርም በክልል ዐቃቤ ሕግ መዝገብ ላይ አለቃ ሆኖ አልመጣም። ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው ቢደርሱ የሚነገርዎት «ክልልዎ ያመልክቱ» የሚል ነው። ያ ደግሞ በብድር ገንዘብ የሚገዛ መልስ አይደለም።

ስለዚህ ሥራው እዚያው ጎንደር ነው። መጀመሪያ ውሳኔውን በጽሑፍ ይጠይቁ። በቃል «ተዘግቷል» ተብሎ የሚኬድ ነገር የለም። የ1954ቱ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 43 ዐቃቤ ሕግ አልከስም ሲል ምክንያቱን ጠቅሶ በጽሑፍ እንዲያደርገው ያዛል። ማስረጃ አነሰ ካለም ግልባጩ ለተበዳዩ ይደርሳል። ይህ የእርስዎና የወንድምዎ መብት ነው፤ ውለታ አይደለም። አንድ ሰው እግሩ ተሰብሮ፣ ለምን እንዳልተከሰሰለት በወረቀት እንኳ ሳይነገረው ወደ ቤቱ መመለስ የለበትም።

ወረቀቱን ሲይዙ መዝገቡን ከዘጋው ዐቃቤ ሕግ በላይ ላለው ኃላፊ ቅሬታ ያስገቡ። ከክፍለ ከተማ ከሆነ ወደ ከተማው ፍትሕ መምሪያ፣ እዚያ ካልተሳካ ባሕር ዳር ወዳለው የክልሉ ፍትሕ ቢሮ። አይዘግዩ። ማስረጃ ጎደለ ተብሎ የተዘጋ መዝገብ «ሹፌሩ ነፃ ወጣ» ማለት አይደለም። ያልታየ ማስረጃ ሲመጣ ዐቃቤ ሕግ ፖሊስን ተጨማሪ ምርመራ እንዲያደርግ ማዘዝ ይችላል።

ያልታየው ማስረጃ ደግሞ በቆሎ የምትጠብሰው ሴትዮ ናት። በቅሬታው ላይ ስሟንና የምትገኝበትን ቦታ ይጻፉ። የት ተቀምጣ ነበር? ፊቷ ወደ የት ነበር? ባጃጁ ከአስፋልቱ ወጥቶ ነበር ወይስ ወንድምዎ ወደ አስፋልቱ ገብቶ ነበር? የሹፌሩ ቃል የሚቆመው ወይም የሚወድቀው እዚህች ላይ ነው። የትራፊክ ፖሊሱ ያነሳው የቦታው ፕላን መዝገቡ ውስጥ መኖሩንም ይጠይቁ። አንድ ነገር ግን አደራ፤ ሴትዮዋን «እንዲህ በይ» አይበሏት፣ ገንዘብም አይስጧት። ያየችውን ትናገር። የተጠና ምስክር መስቀለኛ ጥያቄ ላይ ይፈርሳል፤ እርስዎንም ይዞ ይወድቃል።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደምፈልገው ልምጣ። ወንድምዎ ካሳ ለማግኘት የወንጀሉን ክስ መጠበቅ የለበትም። የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2081 የተሽከርካሪ ባለቤት ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ባለቤቱ «እኔ አላጠፋሁም» ብሎ አያመልጥም። የሚያመልጠው ጥፋቱ የራሱ የተጎጂው መሆኑን ካስረዳ ነው፤ ማስረዳቱም የእሱ ሸክም ነው። ባጃጅ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሹፌሩ የቀን ገቢ የሚያስገባበት የሌላ ሰው ንብረት ነው። ሊብሬው ላይ ስሙ ያለው ማን እንደሆነ ያጣሩ። ሹፌሩ ኪሱ ባዶ ቢሆን ባለቤቱ አለ። የሦስተኛ ወገን መድንም ግዴታ ስለሆነ የትኛው ድርጅት ዘንድ መድን እንደተገባ ይጠይቁ።

የሕክምና ካርዱን፣ ራጁን፣ የመድኃኒት ደረሰኞችን አንድም ሳይጥሉ ይያዙ። የቀን ሠራተኛ የደመወዝ ወረቀት የለውም። ስለዚህ ያሠራው የነበረው ፎርማን በቀን ስንት ይከፍለው እንደነበር ይመስክርለት።

እስካሁን ካልመጡ ሽማግሌዎች ሊላኩብዎት ይችላሉ። ሽማግሌ አይመለስም፤ ያስተናግዷቸው። ነገር ግን ሐኪሙ የእግሩ ጉዳት ምን ያህል ቋሚ እንደሆነ ሳይናገር «ሌላ ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀት ላይ ወንድምዎ እንዳይፈርም። ለጥቂት ሺህ ብር ሲሉ ፈርመው ሁለተኛው ቀዶ ጥገና ሲመጣ ያለቀሱ ሰዎች አይቻለሁ።

በአንቀጽ 2143 መሠረት የካሳ ክስ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ስምንቱ ወር ሄዷል፤ አንድ ዓመት ከአራት ወር ቀርቶዎታል። ለፍርድ ቤት የሚከፈለውን የዳኝነት ገንዘብ መክፈል ካቃተው ወንድምዎ በድህነት ለመክሰስ እንዲፈቀድለት ፍርድ ቤቱን መጠየቅ ይችላል። ክስ ለማጻፍ ደግሞ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት የሚሰጠውን ነፃ የሕግ ድጋፍ ይጠይቁ።

ነገ ጠዋት የዐቃቤ ሕጉ ቢሮ ሄደው የጽሑፍ ውሳኔውን ይጠይቁ። ሲሰጥዎት ቅጂውን ይላኩልኝ፤ ምክንያቱን አብረን እናነበዋለን።